የከሰል ሻጩ ቆጥ

ጠጋ ጠጋ በሉማ፤ ዛሬ የማወራላችሁ የአንድ ከሰል ሻጭ ነገር ነው። አገሩ ለንደን፣ ሰፈሩ ክለርከንዌል፣ ዘመኑ ሩቅ ነው፤ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸውና ሒሳቡን ለእናንተ ትቻለሁ። ሰውየው ቶማስ ብሪተን ይባላል። ማለዳ ጆንያውን በጀርባው አዝሎ፣ ሰማያዊ የሥራ ልብሱን ደርቦ፣ «ደቃቅ ከሰል!» እያለ በየመንገዱ ይጮኻል። ሐሙስ ሲመሽ ግን እዚያው ከሰሉ ከተከመረበት ቤት አናት ላይ፣ ቆጡ ውስጥ፣ መኳንንትና ወይዛዝርት ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ይቀመጣሉ። በኋለኞቹ ዓመታት ኦርጋኑን የሚጫወትላቸው ማን መሰላችሁ? ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ጆርጅ ፍሬድሪክ ሃንደል ነው። አዎ፣ ራሱ ሃንደል።

ዛሬ ዛሬ ሳሎኑን አጽድቶ፣ ወንበር ተውሶ፣ ትኬት ሸጦ ሙዚቀኛ ቤቱ የሚጠራ ሰው በየከተማው በርክቷል። ነገሩ አዲስ ፈሊጥ ይመስላል፤ አይደለም። እንዲያውም ገንዘብ ከፍሎ ሙዚቃ መስማት ትልልቁ አዳራሽ ሳይሠራ በሰው ቤት የተጀመረ ነገር ነው። ጭቅጭቁም ያኔውኑ አብሮት ተወለደ። ማን ይገባል? ስንት ይከፍላል? ጎረቤት ምን ይላል? ሰዉስ ሲበተን በየት በኩል ይሄዳል? ይቺን የመጨረሻዋን ጥያቄ ያዙልኝ፤ የእኔ ሙግት እሷ ላይ ነው። ብዙ ሰው የቤት ኮንሰርትን ከሰፈር የሚያጣላው ዘፈኑ ይመስለዋል። እኔ ታሪኩን አገላብጬ ባየሁት ቁጥር የሚያጣላው በሩ ነው፤ ከመግቢያውም ይልቅ መውጫው።

ከብሪተን በፊት አንድ ሰው ላስቀድም። ጆን ባኒስተር የንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር፤ የቤተ መንግሥቱን የቫዮሊን ጓድ የመራ ሰው ነው። ኋላ ከቦታው ተነሣ። በዚያ ላይ የንጉሡ ሙዚቀኞች ደመወዝ ሳይከፈል ይከርም ነበር፤ ክብሩ አለ፣ ብሩ የለም። ባኒስተር ታዲያ በ1672 መጨረሻ ላይ «ለንደን ጋዜት» በተባለው ጋዜጣ ማስታወቂያ አወጣ። ኋይትፍራያርስ ከሚባለው ሰፈር ከቤቴ ኑ፣ ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት ሙዚቃ አለ፣ በየቀኑም በዚያው ሰዓት ይቀጥላል አለ። 10 ያልኩት በእኛ ነው። መግቢያው አንድ ሽልንግ። ሮጀር ኖርዝ የተባለ የዘመኑ ሰው እንደጻፈው፣ ክፍሉ ውስጥ እንደ መሸታ ቤት ትንንሽ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ ሙዚቀኞቹ ከፍ ካለ መድረክ ላይ በመጋረጃ ተከልለው ይጫወታሉ፤ ሽልንጉን የከፈለም የፈለገውን ያዝዛል። የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ለሕዝብ ክፍት የሆነ፣ በገንዘብ የሚገባበት መደበኛ ኮንሰርት የሚጀምሩት ከዚህ ቤት ነው። ባኒስተር በ1679 ሞተ። እርሱ ግን እንጀራ የራበው የቤተ መንግሥት ባለሙያ ነበር፤ ሙዚቃው ሙያው፣ ቤቱ ሱቁ ሆነ። እኔን የሚገርመኝ ሙያው ሌላ የሆነው ነው።

ወደ ከሰል ሻጩ እንመለስ። ብሪተን በ1644 ኖርዝሃምፕተንሺር በሚባል አውራጃ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። ልጅ ሳለ ለንደን መጥቶ ከአንድ ከሰል ነጋዴ ዘንድ ሰባት ዓመት ሙያ ተማረ። ጌትዬው ጮሌ ነበርና ዘመኑ ሲያልቅ ጥቂት ገንዘብ ቆጥሮ ሰጠው፤ ሱቅ ከፍተህ ገበያዬን አትሻማኝ ነው ነገሩ። ብሪተንም ገንዘቡን ተቀብሎ አገሩ ገባ፣ በላው፣ ሲያልቅበት ለንደን ተመልሶ፣ ጌታው በሕይወት እያለ፣ ከዚያው አካባቢ የከሰል ንግድ ከፈተ። ይህን የነገሩን የኋላ ታሪክ ጸሐፊዎች ናቸው፤ ለቅድስና የሚበቃ ታሪክ አይደለም፣ ግን ሰውየውን አሳምሮ ያሳያል።

የተከራየው ቤት ደግሞ ቤት አልነበረም፤ የፈረስ ጋጣ ነበር። ምድር ቤቱን የከሰል መጋዘን አደረገው፤ ከላይ ያለውን ቆጥ መኖሪያና የሙዚቃ ክፍል። እስቲ በዓይነ ሕሊናችሁ ውጡት። ደረጃው ከቤቱ ውጭ ነው፤ በእንጨት የተሠራ፣ ቀጥ ያለ፣ በእጅና በእግር ካልዳኹ የማይወጣ። በሐር ቀሚስ ነው እንግዲህ የሚዳኸው። ላይ ሲደርሱ ክፍሉ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ከማለቱ የተነሣ ቁመታም ሰው ቀና ብሎ አይቆምበትም። ኔድ ዋርድ የተባለ የጊዜው ቀልደኛ ጸሐፊ መስኮቱ ትንሽ ነው ብሎ አላግጦበታል። በዚያች ጉረኖ ውስጥ ግን ትንሽ ኦርጋን አለች፣ ቨርጂናል የሚባለው ባለ ቁልፍ መሣሪያ አለ፣ ቫዮሊንና ቪዮላ ዳ ጋምባ አለ፣ በእጅ የተገለበጠ የኖታ ክምር አለ። ብዙውን ኖታ የገለበጠው ራሱ ብሪተን ነው። ከሰል በለቀለቀ እጅ።

የሐሙሱ ኮንሰርት በ1678 ተጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ ደጋፊዎች አንዱ ሰር ሮጀር ለስትሬንጅ ነበር። ሰር ሮጀር ማለት የኅትመት ተቆጣጣሪ፣ በእኛ ቋንቋ ሳንሱሩ ማለት ነው፤ በትርፍ ሰዓቱ ደግሞ ቪዮላ ዳ ጋምባ ይጫወታል። ኋላ ሃንደል በ1710 ለንደን ሲገባ ወደዚያው ቆጥ ወጣ። የሙዚቃ ደራሲው ፔፑሽ ነበረ፤ የታወቁ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋቾች ነበሩ፤ ገጣሚው ጆን ሂዩዝ ነበረ፤ ሠዓሊው ዎላስተን ነበረ። የኩዊንስቤሪዋ ዱቼስ፣ በመልኳ ዝነኛ የነበረችው፣ ያንን መሰላል ከወጡት አንዷ ናት ይባላል። ባለሙያው ከአማተሩ ጋር አብሮ ይቀመጣል፤ ባለቤቱም ሲያሻው ቪዮላውን አንሥቶ ይገባበታል።

የሚጣፍጠኝ የሰውየው ቅዳሜ ነው። ብሪተን መጽሐፍ ወዳድ ነበር፤ የድሮ የእጅ ጽሑፍና ብርቅ መጻሕፍት ከየትም ያድናል። ቅዳሜ ቅዳሜ የኦክስፎርድ፣ የፔምብሮክ፣ የሰንደርላንድና የዊንቸልሲ ኧርሎች፣ የዴቨንሺሩ ዱክም ሳይቀር፣ መጽሐፍ ሲያስሱ ውለው ከአንድ መጽሐፍ ሻጭ ሱቅ ይገናኛሉ። ብሪተን የጠዋት ዙሩን ጨርሶ ይመጣል፣ ጆንያውን ከሱቁ ደጃፍ ያስደግፋል፣ ልብሱን ሳይለውጥ ይቀላቀላቸዋል። ማንም ልብስህ ቆሽሿል ያለው የለም። ኬሚስትሪም ከጎረቤቱ ከአንድ ፈረንሳዊ ሐኪም ተምሮ የራሱን ቤተ ሙከራ ሠርቷል። ሠዓሊው ዎላስተን አንድ ቀን «ደቃቅ ከሰል!» እያለ ሲያልፍ ሰምቶ ጠርቶ አስገባውና ከነ ሰማያዊ ልብሱ፣ ከነ ከሰል መስፈሪያው ሣለው። በ1703 የተሣለው ምስሉ ዛሬ በለንደን ብሔራዊ የቁም ሥዕል ጋለሪ ይገኛል። ለማየት ሄዳችሁ ከነገሥታቱ መካከል ከሰል ሻጭ ብታገኙ አትደንግጡ።

ሰፈሩስ? ሰፈሩ ዝም አላለም። አስቡት፤ ከሰል ሻጭ ቤት ሐሙስ ሐሙስ ሠረገላ ይቆማል፣ ባላባት በመሰላል ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል። ምን ይሠራሉ? ገሚሱ በመንግሥት ላይ ይዶልታሉ አለ። ሌላው ጥንቆላ ነው አለ፤ ቤተ ሙከራውም ነገሩን አባባሰው። ሰውየው ኢየሱሳዊ ካህን ነው ያለ አለ፣ ፕሬስቢቴሪያን ነው ያለ አለ፣ እግዚአብሔርን የካደ ነው ያለም አለ። ሦስቱን በአንድ ጊዜ መሆን እንደማይቻል ማንም ልብ ያለ አይመስልም። ዶለቱ ከተባሉት ሰዎች መካከል የንጉሡ ሳንሱር ቁጭ ብሎ ቪዮላ ይገዘግዝ እንደነበር ደግሞ አስታውሱ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉልኝ፤ ከክሱ ሁሉ ውስጥ «ሙዚቃው እንቅልፍ ነሣን» የሚል የለበትም። ጎረቤትን ያስጨነቀው የሰማው ዜማ ሳይሆን ያላየው ነገር ነው፤ በሩ ለሌላ እየተከፈተ ለእርሱ መዘጋቱ።

የገንዘቡ ነገር ሁለት ወሬ አለው። አንደኛው ብሪተን ከማንም ሰባራ ሳንቲም አልተቀበለም ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ኋላ ላይ የዓመት መዋጮ 10 ሽልንግ፣ ቡና በሲኒ አንድ ፔኒ ተተመነ ይላል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ በነፃ ተጀምሮ እንግዳው ሲበዛ መዋጮ ማለት የየትም አገር ማኅበር ልማድ ነው። ዋጋውን ግን ከባኒስተር ጋር አስተያዩት። በባኒስተር ቤት 10 ሽልንግ 10 ቀን ያስገባል፤ በብሪተን ቤት ዓመቱን ሙሉ። ደግሞም የዓመት መዋጮ ከዕለት ትኬት ጋር አንድ አይደለም። የዕለት ትኬት የገዛ መንገደኛ ነው፤ ዛሬ መጥቶ ነገ አይታወቅም። ዓመቱን የከፈለ ግን ስሙ ይታወቃል፣ ፊቱ ይለመዳል፣ ካጠፋም በሚቀጥለው ሐሙስ ይጠየቅበታል። እኛ ዘንድ አዝማሪው ሽልማቱን ከግንባሩ ላይ ሲቀበል ማን ስንት እንደሰጠ ቤቱ በሙሉ ያያል፤ የብሪተን መዋጮ ይህን ይሉኝታ ጠብቆ ያቆየ ይመስለኛል።

አሁን የአንዱን ምሽት ነገር ላሳያችሁ። ማቲው ዱቦርግ የሚባል ገና ልጅ፣ ቫዮሊን የሚጫወት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ሊቀርብ መጣ። የሚጫወተው ኮሬሊ የተባለ የሙዚቃ ደራሲ የጻፈውን ሶሎ ነው። ልጁ አጭር ስለሆነ ከሰዉ ራስ በላይ እንዲታይ በርጩማ ላይ አቆሙት። ዝቅ ያለውን ጣሪያ አትርሱ። ልጁ ቫዮሊኑን ከአገጩ ሥር አስገብቶ ቀና ቢል ፊቱ ላይ የተደረደረው ዊግና ጌጥ፣ ሐርና ዳንቴል ነው፤ ያውም እጁን ቢዘረጋ በሚነካበት ርቀት። ከድንጋጤው ብዛት ተንገዳግዶ ከበርጩማው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። እንደምንም ተጫወተ። ያ ልጅ አድጎ በ1742 የሃንደል «መሲሕ» ለመጀመሪያ ጊዜ ደብሊን ላይ ሲቀርብ ጓዱን የመራው ቫዮሊነኛ ሆነ። በትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ጨለማ ነው፣ አይታይም። በቤት ውስጥ ግን ሕዝብ ማለት ትንፋሹ የሚሰማ ሰው ነው፤ ሙዚቀኞች የቤት ኮንሰርትን የሚወዱትም የሚፈሩትም በዚህ ነው።

የብሪተን አሟሟት ያሳዝናል፤ ያስቃልም። ከሐሙሱ ሰዎች አንዱ ሮብ የሚባል ዳኛ ነበር፤ ቀልድ ይወዳል። ሃኒማን የሚባል አንጥረኛ ደግሞ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ድምፁን ከሩቅ የመጣ አስመስሎ መናገር ይችላል። ዳኛው አንጥረኛውን ማንነቱን ሳይገልጽ ወደ ቆጡ ይዞት ወጣ። በመካከሉ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ድምፅ ብሪተንን በስሙ ጠርቶ የመሞቻህ ሰዓት ቀርቧል፣ ተንበርክከህ «አባታችን ሆይ» ካልደገምህ አትተርፍም አለው። እግዚአብሔርን የካደ ነው የተባለው ሰው ተንበርክኮ ደገመ። ከዚያ አልጋው ላይ ተኛ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንጋጤ ሞተ። ጊዜው 1714 ነው፣ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ነበር። ኦክቶበር 1 ቀን ክለርከንዌል በሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲቀበር የሐሙሱ ሰዎች አጀቡት። ለሚስቱ የቀራት መጻሕፍቱ፣ ኖታዎቹና የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ነበሩ፤ ለጨረታ ቀረቡ። በክለርከንዌል ኢየሩሳሌም ፓሴጅ በምትባለው ቀጭን መተላለፊያ ላይ ቤቱ የነበረበትን የሚያሳይ ጽሑፍ ዛሬም ግድግዳ ላይ አለ።

ከብሪተን በኋላ የቤት ሙዚቃን ከያዙት አንዱ የፊደል ቀራጩ ዊልያም ካዝለን ነው። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያነበበ ብዙ ሰው የዚህን ሰው ፊደል ሳያውቀው አንብቧል። ካዝለን ቤቱ ውስጥ ኦርጋን ያለበት የሙዚቃ ክፍል ነበረው፤ በወር አንዴ ወዳጆቹን ይጠራል። ቀኑ እንዴት እንደሚመረጥ ስሙልኝ፦ ጨረቃ ሙሉ ለምትሆንበት ቀን የቀረበው ሐሙስ ነው። ለምን? እንግዶቹ ሲበተኑ በጨረቃ ብርሃን በሰላም ቤታቸው እንዲገቡ። መብራት በሌለበት መንገድ ሌባ አለ፣ ቦይ አለ። ለንደን ውስጥ የቤት ኮንሰርት ካዘጋጁት ሁሉ ይህን ሰው የማደንቀው ለዚህ ነው፤ ከዜማው በፊት መውጫውን አሰበ።

መንግሥትም ስለ በሩ ማሰብ ጀመረ፤ በራሱ መንገድ። በ1751 ፓርላማው አንድ አዋጅ አወጣ። የስርቆትና የዝርፊያ መብዛት አንዱ ምክንያት ተራው ሕዝብ የሚጎርፍባቸው የመዝናኛ ቤቶች ናቸው ተባለ። ከለንደንና ከዌስትሚንስተር እስከ 20 ማይል ድረስ ለሕዝብ ሙዚቃና ጭፈራ የሚውል ማንኛውም ቤት፣ ክፍል ወይም የአትክልት ቦታ ከዳኞች ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ካላወጣ ሥርዓት የለሽ ቤት ተብሎ ይከሰሳል። ፈቃድ ያገኘውም በአዋጁ መሠረት የተፈቀደለት መሆኑን ከበሩ በላይ ጽፎ መለጠፍ ነበረበት፤ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊትም መክፈት አይችልም። የከሰል ሻጩ ቆጥ ከዚህ አዋጅ በፊት ባይሆን ኖሮ ሥርዓት የለሽ ቤት ሊባል ይችል ነበር ማለት ነው፤ ሃንደልና ዱቼሷ በተገኙበት።

እንዲህ ያለው የፈቃድ ሕግ ማንን ያዘ? ከያዛቸው ሁሉ የምትታወሰው ቴሬሳ ኮርኔሊስ ናት። ቬኒስ የተወለደች ዘፋኝ ነበረች፤ ካዛኖቫ የሚባለው ዝነኛ ሴት አሳዳጅ ወዳጇ ነበረ፣ ልጅም ወልዳለታለች። በ1760 ሶሆ አደባባይ ላይ ካርላይል ሃውስ የሚባለውን ትልቅ ቤት ያዘች። ሶሆ ያኔ የባላባት መኖሪያ ነው፤ የዛሬውን የሶሆ ጫጫታ አታስቡ። በመዋጮ የሚገባበት ግብዣና ጭምብል ጭፈራ አስጀመረች፤ ከኋላ ትልቅ አዳራሽ ቀጠለችበት። በ1765 ዮሐን ክሪስቲያን ባኽና ካርል ፍሬድሪክ አቤል፣ ያኔ ለንደን ውስጥ ዝነኛ የነበሩ ሙዚቀኞች፣ ኮንሰርታቸውን የጀመሩት እዚህ ቤት ነው። ባኽ የታላቁ የባኽ የመጨረሻ ወንድ ልጅ ነው። ሠረገላው አደባባዩን ሞላው፤ እርሷም እንግዶቹ በየት ገብተው በየት እንዲወጡ በማስታወቂያዋ ላይ ሠረገላ ነጂዎችን እስከመምከር ደረሰች። ቤት የነበረው ነገር ቤት መሆኑ ቀረ።

በ1771 ደግሞ ድፍረቷ ጨመረ። «የዜማ ስብሰባ» በሚል ስም ኦፔራ አሳየች፤ ጓዳኚ የተባለውን ዝነኛ ዘፋኝ አሰለፈች። ስሙን መለወጥ አልጠቀማትም። ኦፔራ የማሳየት መብት የእኔ ነው የሚለው የንጉሡ ቲያትር ኃላፊ ከሰሳት፤ ዳኞቹም ቀጧት። ልብ በሉ፤ ከሳሹ ጎረቤት አልነበረም፣ ገበያው የተሻማበት ነጋዴ ነው። በዓመቱ ከሰረች፤ በ1797 ፍሊት በሚባለው የባለ ዕዳዎች እስር ቤት ሞተች። ከቤቱ ቦታ ላይ ዛሬ የቅዱስ ፓትሪክ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። አንዳንዱ በኮርኔሊስ ያዝናል፤ እኔም አዝናለሁ። ግን ቤት ነው እያሉ ቲያትር ማካሄድ ያንንም ይህንንም ያሳጣል።

ከዚህ በኋላ ያለውን መቶና ሁለት መቶ ዓመት በአንድ ትንፋሽ ልዝለለው። ትልልቁ አዳራሽ ተሠራ፣ ራዲዮ መጣ፣ ድምፅ ማጉያ መጣ፤ ሙዚቃ ከቤት ወጥቶ በሽቦ ወደ ቤት ተመለሰ። ከዚያ በ2009 ጥቂት ሰዎች እዚያው ለንደን ውስጥ ከአንድ መኖሪያ ቤት ሳሎን ተሰበሰቡ። ያስመረራቸው ነገር ሙዚቃ ልንሰማ ሄደን ሰው ያወራል፣ ስልኩን ይጎረጉራል የሚል ነበር። ሶፋር ሳውንድስ የሚባለው ድርጅት የተወለደው ከዚህ ምሬት ነው። ዘዴው የታወቀ ነው፤ ትኬት ትገዛላችሁ፣ የማን ቤት እንደሆነ የሚነገራችሁ ቀኑ ሲቃረብ ነው፣ ማን እንደሚጫወትም አታውቁም። በመቶዎች ወደሚቆጠሩ ከተሞች ተስፋፋ። ሲስፋፋ የድሮው ጥያቄ መጣ፤ ገንዘቡ የማን ነው? በ2020 የኒውዮርክ ግዛት የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወንበር ሲደረድሩና በር ሲጠብቁ ለነበሩ፣ ፈቃደኛ ተብለው ላልተከፈላቸው 654 ሰዎች ወደ 460,000 ዶላር እንዲከፍል ከድርጅቱ ጋር ስምምነት ላይ ደረሰ። ከሰል ሻጩ ወንበሩን ራሱ ይደረድር የነበረ ይመስለኛል።

ሕጉስ ዛሬ ምን ይላል? እንግሊዝ ውስጥ በ2003 የወጣው የፈቃድ ሕግ ለትርፍ ተብሎ የሚከፈልበትን የግል ዝግጅት ሳይቀር በፈቃድ ሥር አስገብቶት ነበር። ብዙ ሰው ጮኸ። በ2012 የወጣው የቀጥታ ሙዚቃ ሕግ አላላው፤ በድምፅ ማጉያ ያልታገዘ ሙዚቃ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ድረስ የትም ቦታ ቢሆን ፈቃድ አያስፈልገውም። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ኦክቶበር 1 ቀን ነው፤ ከሰል ሻጩ በተቀበረበት ቀን። አጋጣሚ ነው፤ እኔ ግን ሳልናገረው ማለፍ አልቻልኩም። በመኖሪያ ቤት በማይክና በስፒከር ከሆነ፣ ወይም መጠጥ የሚሸጥ ከሆነ፣ በመደበኛው አሠራር ቢያንስ 10 የሥራ ቀን አስቀድሞ ለአካባቢው ምክር ቤት የጊዜያዊ ዝግጅት ማስታወቂያ ማስገባት ያስፈልጋል። ክፍያው 21 ፓውንድ ነው፣ ሰዉም ከ499 መብለጥ የለበትም። መጠጡ «በነፃ» ተብሎ ዋጋው በትኬቱ ውስጥ ከተካተተም መሸጥ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ፈቃድ አያስፈልግም ማለት ደግሞ ማወክ ይቻላል ማለት አይደለም፤ ጎረቤት ካመለከተ ምክር ቤቱ በሌላ ሕግ ያስቆማል።

እንግዲህ ከሙዚቃ ጋር ያልተጣላ ጎረቤት ለምን ያመለክታል? የለንደን ተራ ቤቶች ግድግዳ ይጋራሉ። የቫዮሊን ድምፅ በጡብ ግድግዳ ሲያልፍ ይሞታል፤ የቤዝ ጊታርና የከበሮ ድምፅ ግን ግድግዳውን ራሱን እያንቀጠቀጠ ይሻገራል። ማይክና ስፒከር ከሌለ ከሙዚቃው የሚሻገረው ጥቂት ነው። ያልታሰበበት ምሽቱ ሲያልቅ የሚመጣው ነው። ሠላሳ ሰው በአንድ ጊዜ ይወጣል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ ስለሰማ አፉ ተከፍቷል፤ ደጃፍ ላይ ቆሞ «እንዴት ነበር» ይባባላል፣ ይሳሳቃል፣ ይሰነባበታል፣ የመኪና በር ድው ያደርጋል። ቀን ላይ ይህ ድምፅ አይሰማም። ጸጥ ባለ ሰፈር ምሽት 4 ሰዓት ላይ ግን ሌላ የሚሸፍነው ድምፅ የለም፤ ሕፃን ይቀሰቅሳል። ዘፋኙ መኪናውን ሲጭን ሌላ ግማሽ ሰዓት ነው። የጎረቤትየዋ ደጅ ደግሞ በእንግዳ መኪና ታጥሯል። ጎረቤትየዋ ሙዚቃውን አልሰማችም፤ የሰማችው መውጫውን ብቻ ነው። አንዲት ኖታ ሳትሰማ፣ ዕዳውን ብቻ ከፈለች።

በዚህ ነገር ሁለት ዓይነት አስተናጋጅ አለ። አንዱ ለጎረቤት ሳይናገር ትኬቱን ሸጦ፣ ቅሬታ ሲመጣ ባህል አልገባቸውም ይላል። እርሱን ተዉት። ሌላው ገና ቀኑን ሳይቆርጥ የግራና የቀኙን በር አንኳኩቶ፣ «በዚህ ቀን እንግዶች ይመጣሉ፣ በዚህ ሰዓት ይበተናሉ፣ ችግር ካለ ስልኬ ይኸውና፤ ለእናንተ ደግሞ ሁለት ወንበር በነፃ ተይዟል» ይላል። ብዙውን ጊዜ ጎረቤት አይመጣም። ባይመጣም ምን እየተደረገ እንደሆነ አውቋል፤ ያላወቀ ጎረቤት ምን እንደሚል ከክለርከንዌል ሰምታችኋል። ብልሁ አስተናጋጅ ሙዚቃው ካለቀ በኋላ ሻይ ቡና አቅርቦ ሰዉን እዚያው ሳሎን ውስጥ ያስወራዋል፤ ወሬው ከደጅ ይልቅ ከቤት ያልቅና ሰዉ ሁለት ሁለት እያለ ይወጣል። የትራንስፖርቱን ነገር ትኬቱ ላይ ይጽፋል፤ መኪና አታምጡ፣ ባቡሩ እዚህ ጋ ነው። ካዝለን ጨረቃ ነበረችው፤ የዛሬ ሰው የአውቶቡስ ሰዓት ማየት አያቅተውም።

ትኬት መሸጡን አልቃወምም። ሙዚቀኛ በጭብጨባ አይኖርም፤ ባኒስተርን ከቤቱ ያስጀመረው ያልተከፈለ ደመወዝ ነው። ገንዘቡ ግን ከስንት ወንበር በኋላ ቤቱን ሱቅ እንደሚያደርገው መታወቅ አለበት። እኔ ብጠየቅ ፍርዴ ይኸው፦ ከሠላሳ ሰው ያልበለጠ፣ ያለ ማይክ፣ መጠጥ ሳይሸጥ፣ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፣ በወር ከአንድ ጊዜ ያልበለጠ፣ የትኬቱ ገንዘብ በሙሉ ለሙዚቀኛው። ከዚህ በላይ የሚያምራችሁ ከሆነ አዳራሽ ተከራዩ።